በስሜ ላውጣልህ

ጋሼ ዳኛቸው ሾትገን የሚባለውን ጠመንጃ መግዛት የፈለገው የዜግነት ቃለ መጠይቁ ቀን ከታወቀ በኋላ ነው። ደብዳቤው ማርች አራት ቀን ደረሰው፤ ቀጠሮው ሜይ አንድ ነው። በመካከሉ ስምንት ሳምንት ከሁለት ቀን አለ። ይህን ያህል ቀን ምን እያደረገ እንደሚያሳልፈው አያውቅም ነበር።

ኮሎምበስ ከተማ፣ ኢስተን አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ሦስት። ሬይኖልድስበርግ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይቶ ለብቻው ይኖራል። ሚስቱ ገነት ካምፓላ ናት። ከተጋቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አብረው የኖሩት ግን ስልሳ አንድ ቀን ነው፤ መጀመሪያ ሠላሳ ሦስት ቀን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሃያ ስምንት ቀን። እሷን ለማምጣት ያስገባው ማመልከቻ ዜጋ ባልሆኑ የግሪን ካርድ ነዋሪዎች ወረፋ ውስጥ ተኝቷል። ዜጋ ከሆነ ማመልከቻው ከወረፋው ወጥቶ በአንድ ዓመት አካባቢ ሊያልቅ እንደሚችል ጉዳዩን የያዘችለት ሎየር ነግራዋለች። ገነት አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ልጅ ይፈልጋሉ። ስለ ዕድሜዋ አያወሩም፤ ሁለቱም ግን ያሰላሉ።

ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። የዜግነት ፈተናውን መቶ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በቃሉ ስለሚያውቃቸው፣ ማጥናት እንኳ የሚያሳልፍለት ጊዜ አልነበረም። ሥራ ቦታ አንድ ቧንቧ ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሁለት ጊዜ አሰረ። ይህን ያየው አለቃው ራንዲ አንድ ቅዳሜ ይዞት ወጣ፤ ከከተማው በስተምሥራቅ አርባ ደቂቃ ተነድቶ የሚደረስበት ሜዳ አለ። አንድ መሣሪያ የሻይ ማስቀመጫ የሚያክሉ ብርቱካናማ የሸክላ ሳህኖች ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ ተኳሹ በአየር ላይ እንዳሉ ለመበተን ይሞክራል። ጋሼ ዳኛቸው በራንዲ ጠመንጃ ሃያ አምስት ጊዜ ተኩሶ አራት መታ። ያን ዕለት ሰባት ሰዓት ሙሉ ተኛ።

በማግስቱ ኮል አደረገልኝ።

«ጀማነህ፣ ሳህኑ ሲወጣ ምንም ነገር አታስብም» አለኝ። «ወረቀት የለም፣ ቀጠሮ የለም፣ ሳህኑ ብቻ ነው ያለው።»

ራንዲ በወሩ መጨረሻ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ሊሄድ ነው። ስለዚህ ጋሼ ዳኛቸው የራሱ ጠመንጃ ያስፈልገዋል፤ ርካሽ፣ ግን እጁ ላይ የማይፈርስ። እንድመርጥለት ፈለገ። የምንጣፍ መጥረጊያ ቫኪውም ለመግዛት ሦስት ሳምንት የፈጀበት ሰው ሌላ አላውቅም ሲል ቀለደብኝ። እውነቱን ነው። አዲስ አበባ የመለኪያ መሣሪያዎችን ልክነት እየመረመርኩ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እዚህም የመኪና ፍሬን ክፍሎች የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምሠራው አንድ ነገር ከተባለው ልክ በስንት እንደሚያንስ ወይም እንደሚበልጥ መጻፍ ነው።

ስለ ጠመንጃ የማውቀው አልነበረም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አሜሪካ ውስጥ የተሠሩትና የጣሊያኖቹ ካሰብነው ዋጋ ሦስትና አራት እጥፍ ናቸው። በስድስት መቶ ዶላር ውስጥ የሚገኙት የቱርክ፣ የብራዚልና የቻይና ናቸው። አምስቱን በአንድ ሠንጠረዥ አስገባኋቸው፤ ክብደት፣ የአፈሙዝ ርዝመት፣ ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርቀት፣ የመለዋወጫ አቅርቦት። ከዚያ የገዙ ሰዎች የጻፉትን ማንበብ ያዝኩ። ስለ አንዱ የቱርክ ጠመንጃ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አስተያየት አነበብኩ። ሠላሳ አንዱ ቅሬታ ነው፤ ከነዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ የላይኛው አፈሙዝ ይተኩሳል፣ የታችኛው አንዳንዴ ዝም ይላል። አሥራ ዘጠኙም ጠመንጃቸውን የገዙት ከአራት ዓመት በፊት ነው። አምራቹ ከዚያ ወዲህ ጥይቱን የሚመታውን መርፌ ቀይሯል። ስለዚህ ቅሬታውን ሰረዝኩት።

የቻይናው ከባድ ነው። የብራዚሉ ቀላል ነው፤ ቀላል ጠመንጃ ግን ትከሻን አጥብቆ ይመታል። የጋሼ ዳኛቸው ቀኝ ትከሻ ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት የሆቴሉን ኤርኮንዲሽነር ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ተጎድቷል። ጥይት በራሱ የሚጎርሰውን፣ ትከሻ ብዙ የማይመታውን፣ እንዲወስድ ሐሳብ ሳቀርብለት አልፈልግም አለ። እሱ የወደደው ባለ ሁለት አፈሙዙን ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበውን። ከመሃሉ ተሰብሮ ሲከፈት ጎሮሮው ባዶ መሆኑን ማንም ሰው ከሩቅ ያየዋል።

«ሰው እንዳይጠራጠርህ» አለ። «እኔ ጥቁር ሰው ነኝ ጠመንጃ የያዝኩ። ክፍት አድርጌ ነው የምይዘው።»

በመጨረሻ የቱርኩን ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ አነስተኛ ጥይት የሚጎርሰውን ሃያ ጌጅ፣ መረጥኩለት። ሦስት ኪሎ ይመዝናል። ሰደፉ የዋልነት እንጨት ነው። በከተማው ምሥራቅ በኩል ያለ የጠመንጃ ሱቅ እስከ እሑድ ማርች ሃያ ሦስት ድረስ ዋጋ ቀንሶበታል። ለገነት በስልክ ሲነግራት ሳቀችበት፤ ሚስቱን የሚያመጣ አውሮፕላን ሳይሆን የሸክላ ሳህን ከሰማይ የሚጠብቅ ባል አገኘሁ አለችው። ከዚያ ግን፣ እንቅልፍ ከወሰደህ ሁለት ግዛ አለችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረን ሄድን። የተቀበለችን መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች፣ ስልሳ የሚሆናት ሴት ነበረች። ጋሼ ዳኛቸው ግሪን ካርዱንና መንጃ ፈቃዱን አስቀመጠ። እንደ ብዙዎቻችን ልደቱ ጃንዋሪ አንድ ነው፤ በስደተኛ ካምፕ ውስጥ የተሰጠው ልደት። ፎርሙን ሞላ፤ እሷም በኮምፒውተር ላከችው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሱ መጣ። አልተፈቀደም አልተከለከለምም፤ ዘግይቷል።

ሴትዮዋ ይህ በብዙ ሰው ላይ የሚሆን ነገር መሆኑን፣ ምክንያቱን እነሱም እንደማያውቁት ነገረችን። የቁርጥ መልስ ሳይመጣ አለመሸጥ የሱቁ ደንብ ነው። ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይመጣል አለች። ቅናሹ ግን እሑድ ያበቃል፤ እሱን ማራዘም የሷ ሥልጣን አይደለም።

ጋሼ ዳኛቸው አመስግኗት ወጣ። መኪና ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። ከዚያ ሳቀ።

«ሳህን ለመምታትም ወረፋ አለው» አለ።

ፊቱን አየሁት። ሳቁ ካለቀ በኋላ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ሕግ አልነበረም። ስለ እንቅልፉ ነው። ቃለ መጠይቁ አምስት ሳምንት ከአምስት ቀን ቀርቶታል፤ ሳይተኛ ገብቶ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ያጠናው ሁሉ ይጠፋዋል ብዬ ፈራሁ።

«በስሜ ላውጣልህ» አልኩት።

እኛ ዘንድ ይህ ትልቅ ቃል አይደለም። ኮሎምበስ ስመጣ ክሬዲት ስላልነበረኝ የመጀመሪያዋን አፓርትመንት በስሙ ያወጣልኝ እሱ ነው። የሱ ስልክ በኔ ፋሚሊ ፕላን ውስጥ ነው። ፋብሪካ ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ሔዋን የምትነዳው መኪና የወንድሟ ስም ነው ያለበት። ስም ያለው ስሙን ይሰጣል፤ ነገ ደግሞ ሌላው ይሰጠዋል። እንቢ የሚል ሰው ክፉ ነው ይባላል። እኔ ዜጋ ነኝ፤ ስሜ ንጹሕ ነው፤ ምርመራው በደቂቃ ያልፋል። ጋሼ ዳኛቸው ላስቸግርህ አልፈልግም አለ፤ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው እሺ አለ። ገንዘቡን እዚያው መኪና ውስጥ ሰጠኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተመልሰን ሄድን። እሱ መኪና ውስጥ ቀረ። ለምን እንደቀረ አልተነጋገርንም። ይህን በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ምንም የሚደበቅ ነገር እንደሌለ ካመንን ለምን ውጭ ቀረ?

ዴስኩ ላይ ያገኘሁት ሌላ ሰው ነው፤ ጢማም፣ ዝምተኛ። ፎርሙን ሰጠኝ። እኔ ፎርም ዘልዬ አልሞላም፤ እያንዳንዱን ጥያቄ አነበብኩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የሚገዛው ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ ይላል። ከሥሩ በደማቅ ፊደል፣ ለሌላ ሰው የምትገዛ ከሆነ ትክክለኛው ገዢ አይደለህም፣ ዕቃውም ሊሰጥህ አይችልም የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ደማቁንም አነበብኩት። ስለ ወንበዴዎች የተጻፈ መሰለኝ፤ መግዛት ለተከለከለ ሰው ተደብቀው ስለሚገዙ። ጋሼ ዳኛቸው አልተከለከለም፤ የዘገየው መልሱ ነው። የምፈርመው እኔ ነኝ፣ መታወቂያው የኔ ነው፣ ስሙ የኔ ነው። «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ፈረምኩ። በአራት ደቂቃ ውስጥ አለፍኩ።

እዚያ ላይ ከፍዬ ብወጣ ያበቃ ነበር። ግን ጢማሙ ሰውዬ ከመጋዘን አዲስ ካርቶን አምጥቶ ከፈተልኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ መመርመር ጀመርኩ። እንጨቱ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት በግራ በኩል ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ሌላ አምጣልኝ አልኩት። አመጣ። ሁለተኛው ክፍተት የለውም፤ ግን ሰደፉ ከመጀመሪያው በስምንት ሚሊሜትር ይረዝማል። አንድ ዓይነት ጠመንጃ፣ አንድ ፋብሪካ፣ ስምንት ሚሊሜትር። የጋሼ ዳኛቸው ክንድ አጭር ነው። ሰደፍ የረዘመበት ሰው ጠመንጃውን ወደ ትከሻው ሲያመጣ ብብቱ ውስጥ ይያዝበታል፤ ያ ደግሞ የተጎዳውን ትከሻ ነው የሚመታው። ክፍተቱ ይሻላል ወይስ ርዝመቱ? እሱ ራሱ ትከሻው ላይ ሳያደርገው መወሰን አልቻልኩም።

ስለዚህ ደወልኩለት። «ግባና ያዘው» አልኩት።

ነጠላውን በጃኬቱ ላይ እንዳደረገ ገባ። መጀመሪያ አጭሩን፣ ቀጥሎ ረጅሙን ትከሻው ላይ አደረገ። አጭሩ ልክ ነው። ጉንጩ እንጨቱ ላይ በቀጥታ አረፈ፤ እንደዚያ ልኩን ያገኘ ነገር ብዙ አላየሁም። እሱም አወቀው። «እቺ ናት» አለኝ።

በዚህ መካከል የትናንትናዋ ሴት ከኋላ በኩል ወጣች። አየችው፤ ፈገግ ብላ ሰላም አለችው። መልስህ እስካሁን አልመጣም አለችው። ከዚያ በእጁ ያለውን ጠመንጃ አየች፤ ዴስኩ ላይ ያለውን ፎርም አየች፤ እኔን አየች።

«ይህ ጠመንጃ የማን ነው?» አለችው፤ በለሰለሰ ድምፅ።

ጋሼ ዳኛቸው የሚዋሽ ሰው አይደለም። መዋሸት እንደሚያስፈልግም አላወቀም፤ እኔም አልነገርኩትም።

«የኔ ነው» አላት፤ እየሳቀ። «የኔ ስለዘገየ እሱ በስሙ እያወጣልኝ ነው። እንደ ወንድሜ ነው።»

እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

ሴትዮዋ መነጽሯን አጠለቀች። ፎርሙን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ የፈረምኩበትን ቦታ አነበበች። ጢማሙ ሰውዬ ጠመንጃውን ከጋሼ ዳኛቸው እጅ በቀስታ ተቀብሎ ካርቶኑ ውስጥ አስገባው።

«ይህን ባትነግረኝ ይሻል ነበር» አለችው። ወደኔ ዞራ ደግሞ ደማቁን ጽሑፍ በጣቷ አሳየችኝ። ይህ የፌደራል ወንጀል ነው፣ ፎርሙም የተፈረመ ስለሆነ ልመልስልህ አልችልም አለችኝ። አልተቆጣችም። ለመንግሥት ማሳወቅ እንዳለባት ስትነግረን ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስል ነበር።

መኪና ውስጥ ጋሼ ዳኛቸው ሌላ ሱቅ እንሞክር አለኝ። መሸጥ እንቢ ያሉ ነው የመሰለው። እኔ ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ጀምሬ ነበር። ሁለቱም ሰዎች መግዛት የሚችሉ ቢሆኑም ወንጀል ነው ይላል። የፈረመው ብቻ ሳይሆን ያስፈረመውም። ሦስት ቦታ አነበብኩ፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። ለሱ ግን አልነገርኩትም። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ማክሰኞ ከሥራ ሲወጣ ሆቴሉ በር ላይ ጠብቄ ነገርኩት።

«ኢንተርቪው ላይ ይጠይቁኛል?» አለ።

ይህን መመለስ ስላልቻልኩ ሎየሯ ዘንድ ሄድን። ስሟ ሳሌም ነው፤ የገነትን ማመልከቻ የያዘችው እሷ ናት። ነገሩን ከመጀመሪያው እኔ ነገርኳት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ምን እንዳለ። መጻፏን አቁማ ጋሼ ዳኛቸውን አየችው።

«ጋሼ፣ ተይዘህ ባታውቅም የሠራኸው ወይም የረዳኸው ወንጀል አለ ወይ የሚል ጥያቄ አለ» አለችው። «በመሐላ ነው የምትመልሰው። ማመልከቻውን በሞላን ጊዜ የለም ብለናል፤ ያን ጊዜ እውነት ነበር። አሁን አይደለም።»

«የለም ብልስ?»

«ሱቁ ሪፖርት ካደረገ ወረቀቱ ፊታቸው ነው። ባያደርግም በመሐላ ዋሽተሃል። ያ ሲገኝ ግሪን ካርድህንም ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ እየዋሸህ አጠገብህ አልቀመጥም።»

ጥፋቱ ሁሉ የኔ ነው ብዬ ብጽፍስ አልኳት። ጻፍ አለችኝ፤ ጥሩ ነው፤ ግን ገንዘቡን የሰጠህ እሱ መሆኑን አያጠፋውም። ማመልከቻውን ቢያነሳስ? ማንሳት ይቻላል፤ ወደፊት ዳግመኛ ሲያመለክት ጥያቄው እዚያው ይጠብቀዋል። ቀጠሮውን ቢያራዝምስ? ያው ነው። እያንዳንዱን መንገድ እስከ መጨረሻው ሄድንበት። ሳሌም ታግሳ መለሰችልኝ። ሠንጠረዥ ቢሆን ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት ውጤት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው።

ጋሼ ዳኛቸው ቃለ መጠይቁ ላይ ለመሄድና እውነቱን ለመናገር ወሰነ። ለገነት ከቀጠሮው በፊት እንዳልነግራት አስማለኝ።

ሜይ አንድ ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ነድቼ ወሰድኩት። ሳሌም በሩ ላይ ጠበቀችው። እኔ የጻፍኩትን ሁለት ገጽ ደብዳቤ ይዛለች። መኪናው ውስጥ ሆኜ ጠበቅሁ። ለሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ሌሎች ሰዎች ሲገቡና ሲወጡ አየሁ፤ አንዲት ሴት ወረቀት ከፍ አድርጋ ይዛ ስትወጣ ባሏ ፎቶ አነሳት።

ጋሼ ዳኛቸው ወጣ። ተቀመጠ። ቀበቶውን ሳያስር ነገረኝ። ፈተናውን ስድስት ጥያቄ ጠይቀውት ስድስቱንም መልሷል። አንብብ ተባለ፣ አነበበ። ጻፍ ተባለ፣ ጻፈ። መኮንኑ ጎበዝ ብሎታል። ከዚያ ሌሎቹን ጥያቄዎች በፍጥነት እያለፈ ሄደና ወደዚያኛው ደረሰ። መኮንኑ ጥያቄውን ሲጠይቅ ወረቀቱን አያይም ነበር፤ የለም የሚለውን እየጠበቀ ብዕሩን አዘጋጅቷል። ጋሼ ዳኛቸው አለ አለው።

«ብዕሩን አስቀመጠው» አለኝ። «ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ሲጽፍ በጣም ቆየ። የጓደኛህ ስም ማነው አለኝ። ስምህን ሰጠሁት፣ ጀማነህ። ይቅር በለኝ።»

ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ነው።

ለኔ የመጣው ይህ ነው፦ በጁን ሁለት የፌደራል መርማሪዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ቤቴ መጥተው አርባ ደቂቃ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰውዬው ማስታወሻውን ሲያገላብጥ የጋሼ ዳኛቸው ምርመራ ማርች ሃያ አምስት ቀን ምንም እንከን የለበትም ተብሎ መመለሱን ነገረኝ። ማክሰኞ ነው። ከእሑድ በኋላ ሁለተኛው ቀን። ሁለት ቀን ብንጠብቅ ኖሮ ያንኑ ጠመንጃ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ፣ በስሙ፣ በር ከፍቶ ይወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከነሱ የሰማሁት ነገር የለም። ሳሌም ምናልባትም አትሰማም ትላለች። አንተ ዜጋ ነህ፣ ሪከርድ የለህም፣ ጠመንጃውም ከሱቁ አልወጣም አለችኝ። እያጽናናችኝ ነው።

ለሱ የመጣው በጁላይ አጋማሽ ነው። ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል። አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ የተጻፈው በሙሉ እሱ ራሱ የተናገረው ነው። ሳሌም ከአምስት ዓመት በኋላ እንደገና መሞከር እንደሚችል ነገረችው። የገነት ማመልከቻ በነዋሪዎች ወረፋ ውስጥ ይቀጥላል፤ አሁን ግን የሚያነበው ሰው በሌላ ዓይን ሊያየው ይችላል። እስከዚያ ድረስ ከአገር እንዳይወጣ መከረችው፤ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ምን እንደሚገጥመው ማረጋገጫ ልትሰጠው አትችልም። በዲሴምበር ካምፓላ ሊሄድ ትኬት ይዞ ነበር።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሄድኩ። ብቻውን ሊያስረዳት አልቻለም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ደወለላት። ገነት በምስሉ ላይ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ሰማያዊ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ውድቅ መሆኑን ሰምታለች፤ ለምን እንደሆነ ግን ሦስት ጊዜ ነግሯት ሦስቱንም ጊዜ አልገባትም።

«ጀማነህ፣ አንተ ንገረኝ» አለችኝ። «እሱ ሲነግረኝ ይዘላል።»

ምንም ሳልዘል ነገርኳት። እንቅልፉን፣ ሠንጠረዡን፣ ቅዳሜን፣ እሑድን። ደማቁን ጽሑፍ ማንበቤን ነገርኳት። ስምንቱን ሚሊሜትር ነገርኳት፤ ከመኪናው የጠራሁት እኔ መሆኔን። ጋሼ ዳኛቸው ይህን ስናገር እጁን አነሳ፤ ተወው እንደማለት። አልተውኩትም።

ስጨርስ ሻሿን አጥብቃ አሰረች።

«ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይዋሽ ነበር» አለች።

«አዎ፣ እትዬ ገነት።»

«አንተም ክፉ ብትሆን እንቢ ትለው ነበር።»



ጋሼ ዳኛቸው አምስት ዓመት ብዙ አይደለም ማለት ጀመረ። ስድስቱ አልፏል አይደል ወይ አላት። ገነት እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር የምታወራ በሚመስል ድምፅ፣ የቤቱን ኪራይ ለሁለት ዓመት መፈረሟን ነገረችው። እስካሁን የምትከራየው በየሦስት ወሩ ነበር፤ ባለቤቱ የሁለት ዓመት ውል ከገባሽ እቀንስልሻለሁ ሲላት በየጊዜው፣ ልሄድ ነው እያለች ነው ያለፈችው። አልጋም ገዝታለች። እስካሁን መሬት ላይ ፍራሽ ነበር የምትተኛው፤ ስትሄድ ለማን ትተወዋለች? አናጢው ትናንት አምጥቶ ገጥሞላታል።

ስልኩን አዙራ አሳየችን። ቀይ ቫርኒሽ የተቀባ ነው። አንዱ እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ገብቷል፤ ወለሉ እኩል አይደለም።

«ስፋቱ ስንት ነው?» አላት ጋሼ ዳኛቸው።

«ዘጠና ሳንቲ» አለች። «ለክፍሉ ይበቃል።»

እሱም፣ ጥሩ ነው፣ እንጨቱ ጥሩ ይመስላል አላት።